የማሳን የዓመታት ታሪክ ከሰማይ ላይ ስለ ማንበብ

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ኢተያ የሚወርደውን ሜዳ በመስከረም መጨረሻ የተመለከተ መንገደኛ፣ ዓይኑ እስከሚደርስበት ድረስ ምድሪቱ ስንዴ ብቻ ለብሳ ስለሚያገኛት፣ ከጥንት ጀምሮ ሌላ አዝርዕት የማታውቅ ልትመስለው ትችላለች፤ ዳሩ ግን ይህ ልብስ የተለበሰው በቅርብ ዘመን ነው። ካዱ ተብሎ የሚጠራው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፣ የተሻሻለው የስንዴ ዘርና ማዳበሪያው፣ በኋላም ትራክተሩና ኮምባይነሩ ተከታትለው ስለ ገቡ፣ ገብሱና ባቄላው፣ አተሩና ተልባው ቀስ በቀስ ቦታቸውን ለስንዴ ለቀዋል። ከዚህ የተገኘው በረከት ብዙ ነው፤ የስንቱ ከተማ ዳቦ ከአርሲ ስንዴ እንደሚጋገር የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስንዴ በስንዴ ላይ ሲደጋገም የሚከተለው ጉዳትም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ተነሥቶ «ኩብሳ» እና «ጋለማ» የተባሉትን፣ ብዙ ገበሬ የዘራቸውን የስንዴ ዘሮች አጠቃ፤ ገበሬውም ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደ ተባለው ወደ «ዲገሉ» ፊቱን መለሰ፤ ዲገሉም አገሩን በሞላው ጊዜ፣ በ2013 እና በ2014 ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ብዙ ማሳ አጠፋ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ለሚሠራው ባለሙያ፣ ለቀበሌው የልማት ሠራተኛና ለተማሪው፣ ስለ አንድ አካባቢ የሰብል ማፈራረቅና የአዝርዕት ኅብር ከሳተላይት ምስል እውነተኛ ነገር ማወቅ የሚቻልበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ማስረዳት ነው። ለዚህ ሥራ ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር፣ ያለበትን ቦታ የሚያመለክት ስልክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከማሳ ማሳ ለመሄድ የማይታክት እግር ያስፈልጋል፤ ምስሎቹ ራሳቸው ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው።

ጥያቄውን አስቀድሞ ስለ መለየት

እምቅድመ ኵሉ፣ ብዙ ሰዎች አንድ አድርገው የሚቆጥሯቸውን ሁለት ነገሮች ይለዩ። ማፈራረቅ የጊዜ ነገር ነው፤ በአንድ ማሳ ላይ ዘንድሮ፣ አምናና ካቻምና ምን እንደ ተዘራ ይጠይቃል። ኅብር ግን የቦታ ነገር ነው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ በአካባቢው ስንት ዓይነት አዝርዕት በምን ያህል መጠን እንደ ቆሙ ይጠይቃል። በየዓመቱ ከመሬቱ አራት አምስተኛውን ስንዴ፣ አንድ አምስተኛውን ባቄላ የሚዘራ አንድ ቀበሌ ያስቡ። ባቄላው ሁልጊዜ በዚያው በጓሮው አጠገብ ባለው መሬት ላይ እየተዘራ፣ የቀረው ማሳ ዕድሜ ልኩን ስንዴ ይሸከም ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ባቄላው በየማሳው እየዞረ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ እያንዳንዱን መሬት ይጎበኝ ይሆናል። ቀበሌው ለወረዳው የሚልከው ሪፖርት በሁለቱም አንድ ነው፤ የመሬቱ ዕጣ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

መድኃኒትነታቸውም እንዲሁ ይለያያል። ማፈራረቅ የሚፈውሰው በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ጠላት ነው፤ ስናርንና የመሰሉትን የሣር አረሞች፣ የሥር በሽታዎችን፣ የናይትሮጅንን ማነስ። በነፋስ ተጭኖ የሚመጣው ዋግ ግን ያ ማሳ አምና ባቄላ እንደ ነበረበት አይጠይቅም፤ እርሱን የሚያዘገየው፣ ካረፈበት ማሳ ቀጥሎ ያለው ሌላ አዝርዕት ወይም ሌላ የስንዴ ዘር ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ሥራው የታሰበው ስለ አፈር ከሆነ የማሳዎችን ተከታታይ ታሪክ፣ ስለ ዋግ ከሆነ የአንድ ዓመት የአካባቢ ካርታን፣ ስለ ሁለቱም ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሠርቶ በሌላው ስም መጥራት በዚህ ሙያ ከሚፈጸሙት ስሕተቶች ሁሉ ዋነኛው ነውና።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንድ ቀበሌ የሰፋ አይምረጡ። የዓመታቱም ቍጥር ለማፈራረቅ ከአምስት አዝመራ ባያንስ ይመረጣል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ስንዴ ማየት ገና ምንም አያስረዳም።

ምስሉን ስለ መምረጥ

ለዚህ ሥራ ዋናው መሣሪያ የአውሮፓው ሴንቲነል-2 ነው። የመጀመሪያው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ2015፣ ሁለተኛው በ2017፣ ሦስተኛው በ2024 የተላኩ ሲሆን፣ ሁለት ሆነው በሚሠሩበት ጊዜ ያንኑ ቦታ በየ5 ቀኑ ያነሡታል፤ ፒክሰል የምትባለው፣ ምስሉ የተሠራባት ትንሿ አራት ማዕዘንም በዋና ዋናዎቹ ቀለማት 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። የአሜሪካው ላንድሳት ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲመለከት የኖረ፣ መዝገቡም ከ2008 ወዲህ ለማንም በነፃ የተከፈተ ስለሆነ ለጥንቱ ታሪክ አቻ የለውም፤ ነገር ግን ፒክሰሉ በኋለኞቹ ሳተላይቶች እንኳ 30 ሜትር ነው። ይህ ልዩነት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ጥማድ መሬት ላይ ይመልከቱት። ጥማድ የሩብ ሄክታር ያህል፣ ማለት 50 ሜትር በ50 ሜትር ነው ብንል፣ በላንድሳት ከሦስት ፒክሰል አይሞላም፤ ከእነዚያም የሚበዙት የጎረቤትን ማሳ የሚነኩ ናቸው። በሴንቲነል-2 ግን 25 ፒክሰል ያህል ይሆናል፤ በድንበሩ ላይ የሚወድቁት ሲጣሉ እንኳ 16 ያህል ንጹሓን ይተርፋሉ። ባለ 250 ሜትሩ ሞዲስ ስለ ድርቅና ስለ ዝናም ብዙ የሚናገር ቢሆንም፣ አንዱ ፒክሰሉ ከ6 ሄክታር በላይ ስለሚሸፍንና በዚያ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ እርሻ ስለሚገኝ፣ ለማፈራረቅ አያገለግልም። ከ2015 በፊት የነበረውን ዘመን ማወቅ የሚፈልግ ሰው በላንድሳት የሚሳካለት፣ በባሌና በአርሲ እንደ ነበሩት የመንግሥት እርሻዎች ባሉ ሰፋፊ ማሳዎች ላይ ነው።

በነሐሴ ሰማዩ ተዘግቶ ሲሰነብት፣ ሴንቲነል-1 የተባለው ሌላው የአውሮፓ ሳተላይት በራዳር ደመናውን አልፎ ያያል። የሚያየው ቀለምን ሳይሆን የአፈሩን ሸካራነትና እርጥበት፣ የተክሉንም ቁመና ነው፤ ስለዚህ ማሳው መቼ እንደ ታረሰና አዝመራው መቼ እንደ ቆመ ለማወቅ ይረዳል። ከሁለቱ የሴንቲነል-1 ሳተላይቶች አንዱ በታኅሣሥ ወር 2021 እ.ኤ.አ. ስለ ተበላሸ፣ ምትኩም በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ስለ ተላከ፣ በመካከል ባሉት ዓመታት ምስሉ ሳስቶ ቢያገኙት አይደነቁ።

ምስሉን እንዲሁ ለመመልከት ኮፐርኒከስ ብራውዘር የተባለው ገጽ ይበቃል፤ የማሳዎችን ወሰን ለመሣል ኪውጂአይኤስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የብዙ ዓመት ስሌት ለመሥራት ግን ጉግል ኧርዝ ኤንጂን ይሻላል፤ ምክንያቱም ስሌቱ የሚሠራው እዚያው በሩቅ ባሉት ማሽኖች ስለሆነ፣ መስመሩ የተዳከመ ሰው ምስሎቹን ሳይሆን ውጤቱን ብቻ ያወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ፤ ከጥር 25 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሴንቲነል-2 የምስል ቍጥሮች ላይ 1000 እየተጨመረ ስለሚወጣ፣ ከዚያ ቀን በፊትና በኋላ ያሉትን ምስሎች ሳያስተካክሉ ማወዳደር፣ በማሳው ላይ ያልደረሰ ለውጥ እንደ ደረሰ አድርጎ ያሳያል። በኧርዝ ኤንጂን ውስጥ «ሃርሞናይዝድ» የሚል ስም የተጨመረበትን ስብስብ ከመረጡ ይህ አስቀድሞ የተስተካከለ ነው።

ዓመቱን ስለ መክፈል

ሳተላይቱ ስንዴን ከባቄላ የሚለየው በአንድ ምስል አይደለም፤ ማሳው በዓመቱ ውስጥ መቼ እንደ ለመለመ፣ መቼ እንደ ጠወለገ በመከታተል ነው። ለዚህ የሚያገለግለው መለኪያ ኤንዲቪአይ ይባላል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግቡ ይውጠዋል፤ ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ለዓይን የማይታየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ብርሃን ግን መልሶ ወደ ሰማይ ይልካል። ከኢንፍራሬዱ ቀዩን ቀንሰው የተገኘውን ለሁለቱ ድምር ቢያካፍሉት፣ ባዶ አፈር ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2፣ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ስንዴ ደግሞ ከ0.7 በላይ ይሰጣል። ይህን ቍጥር በየጊዜው እየመዘገቡ በመስመር ቢያያይዙት፣ የማሳው የዓመት ታሪክ አንድ ኮረብታ ሆኖ ይሣላል፤ አዝርዕቱ የሚታወቀው በዚህ ኮረብታ ቅርጽ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ዓመቱን በአራት ክፍላተ ዘመን ትከፍለዋለች፤ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25፣ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25። እኔ ይህን አከፋፈል ለሳተላይት ሥራ ከፈረንጆቹ ሩብ ዓመት አብልጬ እመርጠዋለሁ፤ ከዚሁ አገር ዝናምና እርሻ ጋር የተስማማ ስለሆነ፣ ምስሎቹን በእርሱ ከፍለው ቢሰበስቡ እያንዳንዱ ክፍል የተለየ ነገር ይናገራል። በተለይ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌ ደመናው የሚገለጥበት፣ አዝርዕቱም እያንዳንዱ በራሱ ጊዜ የሚያብብበትና የሚበስልበት ስለሆነ፣ ከዓመቱ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ይምረጡ ቢባሉ ይህን ይምረጡ።

ይህን በቅርብ ለማየት በአድአ፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ባለው ጥቁር መረሬ መሬት ላይ ጎን ለጎን የተኙ ሁለት ማሳዎችን እንውሰድ። በአንደኛው በሐምሌ መጨረሻ ጤፍ ተዘርቷል፤ በነሐሴ አጋማሽ ቍጥሩ መውጣት ይጀምራል፣ በመስከረም ይለመልማል፣ በጥቅምት መጨረሻ እየነጣ ይወርዳል፣ በኅዳር ታጭዶ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ማሳ በነሐሴ ሙሉ ደጋግሞ ታርሶ፣ ውኃውን ጠጥቶ፣ ጠቁሮ ተኝቷል፤ በምስሉ ላይ ጦም ያደረ መሬት ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው የሚጠብቀው ዝናሙ እስኪያባራ ነው፤ በመስከረም መጀመሪያ ሽምብራውን ይዘራበታል፣ ሽምብራውም በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ አድጎ፣ ጎረቤቱ ጤፍ በሚነጣበት በዚያው በጥቅምት መጨረሻ ለምለም ሆኖ ይታያል። ሁለቱ መስመሮች በሚተላለፉበት በዚህ ጊዜ የተነሣ አንድ ምስል፣ በነሐሴ ከተነሡ አሥር ምስሎች ይልቅ ያስረዳል። በነሐሴ ባዶ ያየውን ሁሉ «ያልታረሰ» ብሎ የመዘገበ ሰው ግን፣ የአድአን ማፈራረቅ ዋና ምሰሶ ሳያየው ያልፋል።

በአርሲ ደጋ ነገሩ ይከብዳል፤ ባቄላውም ስንዴውም በክረምቱ መጀመሪያ ተዘርተው በአንድ ወቅት ስለሚለመልሙ፣ የኮረብታቸው ቅርጽ ተቀራራቢ ነው። ባቄላ ሲደርስ ቅጠሉን አርግፎ ይጠቁራል፤ ስንዴ ግን እንደ ቆመ ይነጣል፤ ይህን ልዩነት ለመያዝ ሴንቲነል-2 በቀዩና በኢንፍራሬዱ መካከል የሚያነሣቸውን በ20 ሜትር የሚገኙ ቀለማት፣ ከዚያም በላይ ያለውን ረጅም ኢንፍራሬድ ወደ ስሌቱ ያግቡ። በባሌ ደግሞ በዓመት ሁለት አዝመራ አለ፤ ጋና የሚባለው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦና የሚባለው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ገደማ ስለሆነ፣ በዚያ የሚሠራ ሰው ለአንድ ማሳ በየዓመቱ ሁለት ስም መመዝገብ አለበት።

የዓመቱንም አሰያየም ይጠንቀቁ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተዘራው ስንዴ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ይታጨዳል፤ ለሳተላይቱ ግን ሁለቱም በአንድ ዓመት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ውስጥ ናቸው። አንዱ መዝገብ በዘሩ ዓመት፣ ሌላው በአጨዳው ዓመት ከተሰየመ ታሪኩ ሁሉ በአንድ ዓመት ይዛነፋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው «የ2015/16 መኸር» ብለው በአንድ ስም ይጥሩት።

ወደ ማሳው ስለ መሄድ

ኮምፒውተሩ የስንዴን ኮረብታ የሚያውቀው፣ ስንዴ መሆኑ በዓይን የተመሰከረለት ማሳ ሲሰጡት ነው። ይህ ምስክርነት የሚሰበሰበው በእግር ነው፤ የሥራውም ግማሽ ይህ ነው ብል አላጋነንኩም። መንገድ ዳር ያሉትን ብቻ አይውሰዱ፤ ከመንገድ የራቁት ማሳዎች ብዙ ጊዜ ሌላ ዘርና ሌላ ልማድ አላቸው። በስልኩ ላይ አንድ ነጥብ ከመያዝ የማሳውን ወሰን ዙሪያውን እየሄዱ መያዝ ይሻላል። ለእያንዳንዱ አዝርዕት ጥቂት ደርዘን ማሳዎች ይኑሩዎት፤ ስንዴ ሳይፈልጉት ስለሚገኝ፣ ድካምዎን ተልባውን፣ ጎመን ዘሩን፣ ምስሩን በመፈለግ ላይ ያውሉት። ኅብር የሚታወቀው በእነዚህ በጥቂቶቹ ነው።

ገበሬውን ሰላምታ ሰጥተው፣ የመጡበትን ነገር አስረድተው፣ ፈቃዱን ከጠየቁ በኋላ፣ «አባቴ፣ በዚህ ማሳ ላይ ዘንድሮ ምን ዘሩ? አምናስ? ካቻምናስ?» ብለው ወደ ኋላ እየሄዱ ይጠይቁ። ማሳው የሴት አባወራ ከሆነ እናትየውን ራሷን ያነጋግሩ፤ ስለ እርሷ ጎረቤት እንዲመልስ አይፍቀዱ። በአርሲና በባሌ የገበሬው ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ጥያቄው በኦሮምኛ ይሁን፤ ቅጹም ቀመዲና ገርቡ ብሎ ስንዴንና ገብስን በዚያው ስማቸው ይመዝግብ፤ በትርጉም መካከል የሚጠፋ ብዙ ነገር አለና። የዘሩንም ስም ይጠይቁ፤ ኩብሳና ዲገሉ ከሰማይ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ለዋግ ግን አንድ አልነበሩም። መሬቱ በኪራይ ወይም በእኩል የሚታረስ እንደሆነም ይጻፉ፤ ለአንድ ዓመት የተከራየ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት አፈር ብሎ ባቄላ ላይዘራ ይችላል፤ ይህም ካርታው የሚያሳየውን ነገር ምክንያት ያስረዳል።

ከሰበሰቡት ምስክርነት ሢሶውን ለይተው ለኮምፒውተሩ ሳያሳዩ ያኑሩ፤ በመጨረሻ የሚፈተነው በዚያ ነው። ሲለዩም ማሳ ከማሳ ይለዩ እንጂ፣ ከአንድ ማሳ ግማሹን ፒክሰል ለትምህርት፣ ግማሹን ለፈተና አያድርጉ፤ የአንድ ማሳ ፒክሰሎች መንትዮች ስለሆኑ ፈተናው አስቀድሞ መልሱን ያየ ተማሪ ፈተና ይሆናል።

ማሳዎቹን ስለ መሰየም

ደመናውንና የደመናውን ጥላ ከምስሉ ጋር በሚመጣው መለያ አስወግደው፣ በእያንዳንዱ የዓመቱ ክፍል የተገኙትን ንጹሓን ምስሎች መካከለኛ ዋጋ ይውሰዱ። ከዚያም ዓመቱን ሙሉ የሚለመልመውን ባሕር ዛፍና ሌላውን ዕፅ፣ ግጦሹንና ቤቱን ያውጡ፤ የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ለ2020 እና ለ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው ወርልድከቨር የተባለው ባለ 10 ሜትር ካርታ ለመጀመሪያ ማጣሪያ ይበቃል፤ ሆኖም ዳገት ላይ ያሉትን ጥቃቅን ማሳዎች ሣር ወይም ቁጥቋጦ ብሎ ሊያልፋቸው ስለሚችል በራስዎ ዓይን ያርሙት። ለስያሜው ራንደም ፎረስት የተባለው፣ ብዙ የውሳኔ መንገዶችን ሠርቶ በድምፅ ብልጫ የሚወስነው ዘዴ ለጀማሪም ለአዋቂም ተስማሚ ነው። ስሙን ለፒክሰል ሳይሆን ለማሳ ይስጡ፤ ከድንበሩ ወደ ውስጥ ካሉት ፒክሰሎች የሚበዙት የመሰከሩለት የማሳው ስም ይሁን። ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ምዝገባ በተፈጸመበት ቀበሌ የማሳ ወሰን ካርታ ስላለ፣ በሕግ ፈቃድ ከተገኘ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ስሕተት በዓመታት ላይ ስለ መደራረቡ

በዚህ ላይ ቆም ብለው እንዲያስቡ እለምናለሁ፤ የማፈራረቅ ጥናት ሁሉ የሚፈርሰው ወይም የሚጸናው እዚህ ላይ ነውና። ኮምፒውተርዎ በየዓመቱ ከመቶ ማሳ የዘጠናውን ስም በትክክል ቢናገር መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን ስሕተቱ በየዓመቱ ለየብቻው የሚደርስ ከሆነ፣ የአምስት ዓመት ታሪካቸው ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆንላቸው ከመቶው 59 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከዚህም የሚከፋው፣ ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ ወገን ማጋደሉ ነው። አምስቱን ዓመት ስንዴ ብቻ የተዘራባቸውን መቶ ማሳዎች ቢያቀርቡለት፣ በ41ዱ ላይ ቢያንስ በአንዱ ዓመት ሌላ አዝርዕት እንዳየ ይናገራል፤ እርስዎም ገበሬው አፈራረቀ ብለው ይጽፋሉ። ደካማ ካርታ የታመመውን መሬት ጤነኛ አድርጎ ያቀርበዋል ማለት ነው።

ይህን የሚያቃልሉ መንገዶች አሉ። አንደኛው፣ አዝርዕቱን በወገን መሰብሰብ ነው፤ ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ በብርዕ፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስር በጥራጥሬ፣ ተልባ፣ ኑግና ጎመን ዘር በቅባት እህል። ኮምፒውተሩ ስንዴን ከገብስ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ከስንዴ ወደ ገብስ መሸጋገር ደግሞ ለአፈሩ ትልቅ ዕረፍት ስላልሆነ፣ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ስሕተቱን ሲቀንስ ከጥያቄው የሚጎድል ነገር ጥቂት ነው። ሌላው፣ ኮምፒውተሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደ ነበረ የሚነግረውን ቍጥር ከስሙ ጋር ማኖር ነው፤ ያመነታበት ዓመት ባዶ ይተው፣ በግምት አይሞላ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ኮምፒውተሩ የሰጣቸውን ታሪኮች ራሳቸውን መፈተን ነው፤ «አፈራረቀ» ከተባሉት ጥቂት ማሳዎች፣ «አላፈራረቀም» ከተባሉትም ጥቂት መርጠው ወደ ባለቤቶቹ ይመለሱና ታሪኩን ያስነግሯቸው።

ከዚህ በኋላ ለእያንዳንዱ ማሳ አንዲት ቀላል ቍጥር ይበቃል፤ ብርዕ ያለ ማቋረጥ የተዘራበት ረጅሙ ተከታታይ ዓመት። ካርታውን በዚህ ቍጥር ቀለም ሲቀቡት፣ ማፈራረቅ በየትኛው ጎጥ እንደ ቆመ በአንድ እይታ ይገለጣል።

ኅብርን ስለ መቁጠር

የአንድ ዓመት ኅብር በአዝርዕቱ ዓይነት ብዛት ብቻ አይለካም። ከመሬቱ 80 በመቶ ስንዴ፣ 10 በመቶ ገብስ፣ 10 በመቶ ባቄላ የሆነበት ቀበሌ ሦስት ዓይነት አለው፤ ሦስቱን እኩል የዘራውም እንዲሁ። ልዩነቱን የሚያወጣው ብሪታንያዊው ኤድዋርድ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1949 ባወጣው መለኪያ ላይ የተመሠረተው ስሌት ነው፤ እያንዳንዱን ድርሻ በራሱ ያባዙ፣ ውጤቶቹን ይደምሩ፣ አንድን ለድምሩ ያካፍሉ። በመጀመሪያው ቀበሌ 0.64፣ 0.01 እና 0.01 ተደምረው 0.66 ስለሚሆኑ፣ ውጤቱ አንድ ተኩል ያህል ነው፤ በሁለተኛው ግን ሦስት ይሆናል። ስለዚህ የፊተኛው ቀበሌ ሦስት አዝርዕት እየዘራ፣ ኅብሩ ግን የአንድ ተኩል ብቻ ነው። ስሌቱን ለወረዳው በሙሉ ከማድረግ ይልቅ በየጎጡ ያድርጉት፤ ደጋው ገብስ፣ ወይና ደጋው ስንዴ ብቻ ቢሆን፣ የወረዳው ቍጥር መልካም መስሎ ሳለ፣ ዋግ የሚያርፍበት ሜዳ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላልና።

ይህም ሁሉ ሆኖ ከሰማይ የማይታይ ኅብር አለ። በወሎና በሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስና ስንዴ ተቀላቅለው የሚዘሩበት፣ ባቄላና አተር አብረው የሚቆሙበት ማሳ በካርታው ላይ አንድ ስም ብቻ ይሰጠዋል። ሩሲያዊው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ አይቶ የአዝርዕት መገኛ ከሆኑት አገሮች መካከል ሲቆጥራት የተመለከተው፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዘር ማከማቻም የሰበሰበው፣ ይህን በአንድ ማሳ ውስጥ ያለውን የዘር ብዛት ነው። ድብልቁን በመስክ ቅጹ ላይ ለብቻው ይመዝግቡት፤ በካርታው ግርጌም ይህ ኅብር በቍጥሩ ውስጥ እንዳልገባ በግልጽ ይጻፉ።

ውጤቱን ስለ መመለስ

ካርታው ሲያልቅ በመጀመሪያ የሚያየው የቀበሌው ሕዝብ ይሁን። የባለ ይዞታውን ስምና የማሳውን ቍጥር ከካርታው ላይ ያጥፉ፤ ማን እንዳፈራረቀና ማን እንዳላፈራረቀ የሚያሳይ ወረቀት በአንድ እጅ የምክር፣ በሌላ እጅ የቅጣት መሣሪያ ሊሆን ይችላልና፣ ሰዎቹ ፈቅደው የነገሩዎት ለምክር ነው። ለሕዝብ የሚወጣው ቍጥር በጎጥ የተጠቃለለው ይሁን፤ የራሱን ማሳ ታሪክ ማየት ለሚፈልግ ገበሬ ግን ለብቻው ያሳዩት።

ጊዜውንም ይመልከቱ። የአዝመራው ምስል በታኅሣሥ ያልቃል፤ የመስኩ ፈተናና እርማቱ በጥርና በየካቲት ሊፈጸም ይችላል፤ ገበሬው የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ የሚጠይቀው፣ ባቄላም ቢሆን ዘሩን ከጎረቤት የሚያፈላልገው ከሚያዝያ ጀምሮ ነው። ካርታው ከፋሲካ በኋላ ሳይዘገይ በቀበሌው ስብሰባ ላይ ይቅረብ፤ ከእርሱም ጋር በአቅራቢያው የባቄላ፣ የአተር፣ የጎመን ዘር ምርጥ ዘር በየት እንደሚገኝ፣ በአርሲ ከሆነ ከአሰላ በስተሰሜን ያለው የቁሉምሳ፣ በባሌ ከሆነ የሲናና፣ በአድአ ከሆነ የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል ምን ዓይነት እንደሚመክር አጣርተው ይዘው ይሂዱ። ከዚያ ስብሰባ ሲመለሱ፣ ገበሬዎቹ ያረሙልዎትን ስም ሁሉ በዚያው ቀን በመዝገቡ ላይ ያስተካክሉ፤ የሚቀጥለው መኸር ስሌት የሚነሣው ከዚያ ነው።